ሶሊንገን፤ የምላጭ ከተማ

በጀርመን አገር፤ ከራይን ወንዝ በስተ ምሥራቅ ባለው ኮረብታማ አውራጃ፤ ቩፐር በሚባል ጠመዝማዛ ወንዝ አጠገብ ሶሊንገን የምትባል ከተማ አለች። የአገሩ ሰዎች ዞሊንገን ብለው ይጠሩዋታል። የሚኖርባት ሕዝብ ከ150,000 ይበልጣል። ከተማይቱን በዐይኑ ያላየ ሰው እንኳ ስሟን ሳያውቀው በቤቱ አኑሮት ይሆናል፤ የወጥ ቤቱን ቢላዋ፤ የልብስ ሰፊውን መቀስ፤ የአያቱን ምላጭ ገልብጦ ቢመለከት በላቲን ፊደል ተቀርጾ ያገኘዋል። ስሙም እንዲሁ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም። በ1938 የወጣ ሕግ፤ በከተማይቱና በአካባቢዋ ያልተሠራ ስለት በስሟ እንዳይጠራ ከልክሏል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከ2012 ወዲህ ደግሞ ከተማይቱ በይፋ «የስለት ከተማ» ተብላ ትጠራለች።

እኛ ወደዚያች ከተማ የሄድነው አገር ለማየት ብቻ አልነበረም። አንድ ምላጭ ይዘን ነበር። ምላጩ የአባታችን ነው። ዛሬ ከሰማንያ ዓመት ያለፉት አባታችን ይህን እጀታው እንደ ሰንጢ የሚታጠፍ ምላጭ በወጣትነታቸው ከአንድ የመርካቶ ነጋዴ ገዙት፤ ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት መስተዋታቸውን በምሰሶው ምስማር ሰቅለው፤ ጠፍሩን በመስኮቱ መዝጊያ አስረው፤ ፊታቸውን በገዛ እጃቸው ሲላጩ ኖሩ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጠጉር አስተካካይ ቤታቸው ድረስ ብናመጣላቸው እንቢ አሉ። የፕላስቲኩን መላጫ ብንገዛላቸው ቆዳቸውን አሳከካቸው። ጺማቸውን ያሳድጉ ዘንድ ብንለምናቸውም «ጺም ለካህንና ለመነኵሴ ነው፤ ለእኔ ምን ያደርግልኛል» ብለው መለሱልን። በመጨረሻም አንድ ቀን ምላጩን ከነማኅደሩ በእጃችን አኖሩና «እንግዲህ ልጄ፤ አንተው ተማርና ላጨኝ» አሉን።

አንባቢ እንደሚረዳው፤ በሽማግሌ አባት ጉሮሮ ላይ የተሳለ ብረት ከማሳረፍ በፊት በራስ ጉንጭ ላይ መማር ግድ ነው። ለመማር ደግሞ ጊዜ ያሻል፤ እርሱም በእኛ ዘንድ አልነበረም። ሥራችን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት የዕለቱን መዝገብ ከመደርደሪያ አውርደን ለየችሎቱ እናከፋፍላለን፤ ከዚያ በኋላ ባለጉዳዩ፤ ጠበቃው፤ ግልባጭ ፈላጊው፤ ማኅተም ጠያቂው ተራ በተራ ይመጣል። ከቤት ስንወጣ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት ማድረስ፤ የታክሲውንም ሰልፍ መጠበቅ አለ። ማታ ስንመለስ ዐይናችን ደክሟል፤ በደከመ ዐይንም ምላጭ አይያዝም። በዚህ ምክንያት የአባታችን ጉዳይ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሲሻገር ሰባት ወር ሆነው። እርሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ «ምነው ዘገየህ» አላሉንም፤ በመቀስ የተከረከመ ጺማቸውን በመዳፋቸው እያሻሹ ዝም ይሉ ነበር። ይህ ዝምታቸው ከወቀሳ ይልቅ ይከብድ ነበር።

ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ መባቻ እስከ መስከረም መጨረሻ ለዕረፍት ሲዘጉ፤ የተረኛ ችሎቱን ሥራ ከፈጸምን በኋላ ሦስት ሳምንት ዕረፍት አገኘን። ታናሽ እኅታችን በኮሎኝ ከተማ ስለምትኖር ብዙ ጊዜ ስትጠራን ቆይታ ነበርና ሄድን። ምላጩን በትልቁ ሻንጣ ልብስ መካከል ቀበርነው፤ በአውሮፕላን ውስጥ ከመንገደኛው ጋር እንዲገባ አይፈቀድምና።

ከኮሎኝ በባቡር ተሳፍረን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከሶሊንገን ጣቢያ ደረስን። ከዚያ የተሳፈርንበት አውቶቡስ በጣራው ላይ ባሉት ሁለት ዘንጎች፤ ከመንገዱ በላይ ከተዘረጋው ሽቦ የኤሌክትሪክ ኀይል እየተቀበለ ይሄዳል። በጀርመን አገር እንዲህ ያለ አውቶቡስ የሚገኝባቸው ከተሞች ሦስት ብቻ እንደ ሆኑ እኅታችን ነገረችን። ድምፁ እጅግ ለስላሳ ነው። የከተማይቱ መካከል ግን ለጎብኚ እምብዛም የሚያስደስት አይደለም፤ በኖቬምበር 4 እና 5 ቀን 1944 የወረደው የአየር ቦምብ አሮጌውን ከተማ አፍርሶት ስለ ነበረ፤ ዛሬ የሚታየው አብዛኛው ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው። በ1897 የተከፈተው የሙንግስተን የባቡር ድልድይም በዚያው አጠገብ ነው፤ ከቩፐር ወንዝ በላይ 107 ሜትር ከፍ ይላል። እኛ በባቡር በላዩ ስናልፍ ቁልቁል ተመለከትን፤ እኅታችን ዐይኗን ጨፈነች።

የቀድሞውን መልክ ለማየት ግሬፍራት ወደሚባለው ሰፈር መሄድ ይገባል። በዚያ የቤቶቹ እንጨት ጥቁር፤ ግድግዳቸው ነጭ፤ የመስኮታቸው መዝጊያ አረንጓዴ ነው፤ አንዳንዱ ቤት ከላይ እስከ ታች በጥቁር የድንጋይ ገበታ ተሸፍኗል። ከአደባባዩ በላይ የቀድሞ የሴቶች ገዳም አለ፤ እርሱም ከ1991 ጀምሮ የስለት ቤተ መዘክር ሆኗል። ጎራዴው፤ ጩቤው፤ የገበታ ቢላዋና ሹካው በየዘመኑ ተራ ተደርድሮ ይታያል። ጎራዴ የሚወድ ሰው ግማሽ ቀን ሊቆይበት ይችላል፤ እኛ ግን ምላጮቹ ዘንድ ሄድን።

በጥንቱ ዘመን ለባለጸጋ ሰው ሰባት ምላጭ ባንድ ሣጥን ተሰናድቶ ይሸጥለት ነበር፤ በእያንዳንዱ ምላጭ ጀርባ ላይ የሳምንቱ ቀን ስም ተጽፏል፤ ሰኞ፤ ማክሰኞ እያለ እስከ እሑድ። ይህንንም የሚያደርጉበት ምክንያት ስለት አንድ ጊዜ ከሠራ በኋላ ጥቂት ሊያርፍ ይገባል ስለሚሉ ነው። እኅታችን ይህን ስንነግራት «ጋሼ፤ ምላጩ በሳምንት ስድስት ቀን ያርፋል፤ እርስዎ ግን አንድ ቀንም አያርፉም» ብላ ሳቀችብን። ሳቋ ጥቂት ነክቶናል። የሣጥኑ ባለቤቶችም ቢሆኑ ሥራ ፈቶች አልነበሩም፤ ነጋዴዎች፤ ሐኪሞች፤ የመርከብ አለቆች ይገኙባቸው ነበር። ነገር ግን መላጨትን ከሥራ እንደሚሰረቅ ጊዜ አልቈጠሩትም፤ እንደ ቁርስ ሁሉ ቦታ ሰጥተውት ነበር።

ይህ ልማድ የተናወጠው በአሜሪካ ነው። ኪንግ ጂሌት የተባለው ሰው ስለቱ ሲደነዝዝ የሚጣል መላጫ አውጥቶ በ1903 መሸጥ ሲጀምር፤ በዚያ ዓመት የተሸጠለት 51 መላጫና 168 ስለት ብቻ ነበር። ወዲያው ግን ገበያው ሰፋ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ ስላደለው፤ ወታደሮቹ ወደየቤታቸው ሲመለሱ ልማዱን ይዘውት ገቡ። ሳይስሉ፤ በጠፍርም ሳይጠርጉ መላጨት ተቻለ። በአገራችንም ዛሬ ምላጭ ስንል ብዙ ሰው የሚያስበው ይህንኑ በወረቀት የተጠቀለለውን ስስ ብረት ነው፤ ጠጉር አስተካካዩም ለሁለት ሰብሮ በእጀታው ውስጥ ያስገባዋል። አዲሱ መላጫ በየጧቱ ጥቂት ደቂቃ ማትረፉ አይካድም። ያ የተረፈው ደቂቃ ግን በእኛ ቤት የት እንደ ገባ ብንፈልገው አላገኘነውም።

ከቤተ መዘክሩ በኋላ ወደ ቩፐር ሸለቆ ወረድን። በወንዙ ዳር በአገሩ ቋንቋ ኮተን የሚባሉ፤ ውሃ በሚያዞረው መንኰራኵር ስለት ይሳልባቸው የነበሩ ቤቶች አሉ። ጥንት በብዛት ነበሩ፤ ዛሬ ባልክሃውዘር ኮተንና ቪፐርኮተን የተባሉትን ጨምሮ ጥቂቶቹ ቆመዋል። ቤቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ውስጡ ጨለም ያለና እርጥብ ነው፤ ውሃው ከግድግዳው ውጭ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ስለት ሳዮቹ ዕውቀታቸው የቆየ ነው፤ ማኅበራቸው መብቱን በጽሑፍ ያገኘው በ1401 ነበር። አንዱ ቀጥቅጦ ያወጣል፤ ሁለተኛው በእሳት ያጠነክራል፤ ሦስተኛው ይስላል፤ አራተኛው እጀታ ያገባል። ሁሉን የሚሠራ አንድ ሰው አልነበረም።

በዚህ ቤት ቆመን ያሰብነው ነገር ቢኖር፤ እነዚህ ሰዎች ጊዜያቸውን ያገኙ የነበረው ከሰዓት ሳይሆን ከወንዝ መሆኑን ነው። በበጋ ውሃው ሲያንስ መንኰራኵሩ ይቆማል፤ በክረምት ሲበርድ ይጋግራል፤ ሲሞላም ያጥለቀልቃል። ውሃ ባለበት ሰዓት ይስላሉ፤ በሌለበት ይጠብቃሉ። እንዲህም ሲሆን በዓለም የታወቀውን ስለት አወጡ። ኑሮአቸው ግን የሚያስቀና አልነበረም፤ ከአሸዋ ድንጋዩ የሚወጣው ብናኝ ሳንባቸውን እያደረቀ ብዙዎቹን በጎልማሳነት ይገድላቸው ነበር። ዛሬ ምላጭ ሲያብለጨልጭ የሚያይ ሰው ይህን ማወቅ ይገባዋል።

ሴቶቹም ቢሆኑ የራሳቸው ድካም ነበራቸው። የተሳለውንና ያልተሳለውን ስለት በቅርጫት አድርገው፤ በራሳቸው ላይ ተሸክመው፤ ከሸለቆው ወደ ከተማው ነጋዴ፤ ከነጋዴውም ወደ ሸለቆው በእግራቸው ሲያመላልሱ ኖረዋል። ከተማይቱ ለእነዚህ ሴቶች ሐውልት አቁማላቸዋለች። በአገራችን እናቶቻችን እንስራውን በጀርባቸው ያዝላሉ፤ እነዚያ ደግሞ ብረቱን በራሳቸው ጫኑት፤ ዳገቱ ግን ያው ዳገት ነው። እኅታችን በሐውልቱ አጠገብ ቆማ ፎቶግራፍ እንድናነሣት ጠየቀችን፤ አነሣናት።

በማግሥቱ ምላጭ በመሳል የሚተዳደሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድን። እኅታችን አስተረጐመችልን። ሽማግሌው የአባታችንን ምላጭ ከማኅደሩ አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት፤ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫፉን በቀስታ ቢነኩት ቀጭን ድምፅ ሰጠ። ሁለት ጎኑ በመንኰራኵር ተቦርቡሮ እንደ ወረቀት ከመሳሳቱ የተነሣ እንዲህ ይዘፍናል አሉን። ብዙ ዘመን በመሳሉ ስፋቱ ጠቧል፤ ብረቱ ግን ጤነኛ ነው። ከዚያም ከቤልጅግ አገር፤ ከአርደን ተራራዎች በሚወጣ ቢጫ ድንጋይ ላይ አጋድመው ይስሉት ጀመር። ጀርባውም ስለቱም ባንድነት ድንጋዩን እየነኩ ይሄዳሉ፤ የምላጩ ጀርባ ወፍራም የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ የስለቱን ማዘንበል ራሱ ይወስናል፤ እጅ እንዲሳሳት አይፈቅድለትም።

ለራሳችን ደግሞ ከእርሳቸው አንድ ያገለገለ ምላጭ ገዛን። አንድ ምላጭ ለሁለት ሰው አይሆንም፤ በደም የሚተላለፉ በሽታዎች አሉና፤ አባትና ልጅም ቢሆኑ ይህ ሕግ ይመለከታቸዋል።

ሽማግሌው መላጨትን ለመማር እንደምንፈልግ በሰሙ ጊዜ «በቀን ስንት ደቂቃ አለዎት?» ብለው ጠየቁን። እኛም ጧት ሩብ ሰዓት ብናገኝ ትልቅ ነገር እንደ ሆነ ነገርናቸው። «እንግዲያውስ አንድ ጉንጭ ብቻ ይላጩ፤ የቀረውን በለመዱት መላጫ ይጨርሱ» አሉን። መጀመሪያ የቀኙ ጉንጭ ብቻ ሁለት ሳምንት፤ ቀጥሎ የግራው፤ ቀጥሎ አንገት፤ አገጭና የላይ ከንፈር በመጨረሻ። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ሰዓት ስንፈልግ የቆየን ሰዎች፤ የሚያስፈልገው ሦስት ደቂቃ እንደ ሆነ ስንሰማ በእውነቱ ተገረምን። ነገሩ ግን ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባውም ነበር፤ የቄስ ትምህርት ቤት መምህራችን ፊደል ሲያስቈጥሩን በቀን አንድ ረድፍ ብቻ ነበር የሚሰጡን። ጊዜውንም በጥላ ይለኩት ነበር። በኋላ በሚስዮን ትምህርት ቤት ደወል አገኘን፤ ከዚያ ወዲህ ደወል የማይጮኽለት ሥራ ሁሉ ሥራ አይመስለንም።

ከሽማግሌው የተማርነውን ለሚፈልጉ አንባቢዎች እንነግራቸዋለን። ምላጩን ከመያዝ አስቀድሞ ፊትን በሙቅ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ማራስ ይገባል፤ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣም ይበጃል፤ የደረቀ ጺም ስለቱን ያበላሻል። ሳሙናው በብሩሽ ተመትቶ እንደ እርጎ ወፈር ያለ አረፋ ይሁን። ሦስቱ ጣቶች የምላጩን አንገት ከላይ ይይዛሉ፤ አውራ ጣት ከታች ይደግፋል፤ ትንሿ ጣት በጅራቱ ላይ ታርፋለች። ይህ አያያዝ የመቃ ብርዕ ቀርጾ ለጻፈ እጅ ቶሎ ይገባዋል፤ ሁለቱም መጨበጥን አይወዱም። በሌላው እጅ ቆዳውን ወጠር አድርጎ፤ ምላጩን ከቆዳው ሠላሳ ዲግሪ ያህል አዘንብሎ፤ ጺሙ ወደ በቀለበት አቅጣጫ በአጭር በአጭሩ ማውረድ ነው። መጫን አያስፈልግም፤ የምላጩ ክብደት ይበቃዋል። ወደ ጎን ግን ፈጽሞ አይንሸራተት፤ ሰውን የሚቈርጠው ያ ነው።

ጠፍሩን በሚመለከት፤ ከመላጨት በፊት ሁልጊዜ በተወጠረ ጠፍር ላይ ሠላሳ ጊዜ ያህል ማመላለስ ያሻል። ሲሄድም ሲመለስም ጀርባው ይቀድማል፤ ስለቱ ይከተላል። ጫፍ ላይ ሲደርስ በጀርባው ላይ ይገለበጣል እንጂ በስለቱ በኩል አይገለበጥም፤ በስለቱ የገለበጠው ሰው ጠፍሩንም ምላጩንም ያበላሻል። ጠፍሩ ከረገበ የስለቱ ጫፍ ይደንዛል፤ ስለዚህ አጥብቆ መሳብ ይገባል። ከተላጩ በኋላ ምላጩን አጥቦ፤ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፤ ዝናብ በሚበዛበት ወራት ጥቂት ዘይት ቀብቶ፤ ልጆች በማይደርሱበት ስፍራ ማኖር ነው። እርጥብ ሳለ ቢታጠፍ ይዝጋል።

ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ ጧት ከ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ እየተነሣን፤ ልጆች ሳይነቁ፤ ቀኝ ጉንጫችንን መላጨት ጀመርን። ባለቤታችን ሻዩን እስክታፈላ ድረስ ሥራው ያልቃል። ጥቅምት በግራው ጉንጭ አለፈ። በኅዳር ወር አንገት ላይ ደረስን፤ አንገት አስቸጋሪ ነው፤ ጺሙ በሁለት አቅጣጫ ስለሚበቅል በጣት እየዳሰሱ ማወቅ ያሻል። በሥራ ቦታችን የሚያውቁን አንዳንድ ጠበቆች የቀኙ ጉንጫችን ከግራው ይልቅ እንደሚያበራ ሲነግሩን ምክንያቱን አልገለጽንላቸውም። ታኅሣሥ ሲጋመስ አገጭ ተፈጸመ።

አባታችንን የላጨነው ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ በምትገባበት በረንዳ ላይ፤ በመደገፊያ ወንበር አስቀመጥናቸው። የሽማግሌ ቆዳ የተሸበሸበ ስለ ሆነ ከራስ ፊት ይልቅ አብዝቶ መወጠር ይፈልጋል፤ ጉንጫቸውን በሁለት ጣት ወደ ጆሮአቸው ስበን ጀመርን። በዚያን ቀን ሁለቱን ጉንጭ ብቻ አደረግን። ሲጨረስ መስተዋት አመጣንላቸው፤ እርሳቸው ግን አላዩበትም፤ በእጃቸው ዳሰሱትና «አገጩስ?» አሉን። አገጩን ለመጪው ቅዳሜ ቀጠርነው። እርሳቸውም «ይሁን፤ ቀጠሮ የለመደ እጅ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። ምላጩን እኛ እንይዛለን፤ የጠፍሩን ጫፍ ግን እርሳቸው ይይዛሉ። እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ጕልበቱ አልጠፋም፤ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ ኋላቸው ሲስቡት ጠፍሩ አንዳች አይረግብም። እኛ ስናመላልስ እርሳቸው ከአንድ እስከ ሠላሳ ይቈጥራሉ፤ አንድ ጊዜ ሃያ ስምንት ላይ ብናቆም ጠፍሩን አልለቀቁልንም።